የዶክተር ኢነስ ልብ

ዶክተር ኢነስ መሞታቸውን የሰማሁት ሲያትል አጠገብ ያለው ኬንት ባቡር ጣቢያ ነው። ጠዋት መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ወደ ባቡሩ ስሄድ አብራኝ የምትሠራው ነርስ ኮል አደረገችልኝ። በዚያ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም። «ሰናይት...» አለችና ዝም አለች። እኔም ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኋትም። ባቡሩ መጣ፤ ሰዉ ገባ፤ በሩ ተዘጋና ሄደ። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ ቆሜ ቀረሁ።

ያልጠበቅኩት ወሬ ነው ብል ውሸት ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አልነቁም ነበር፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንሄደው። እኔ ግን ከዚያም ቀድሜ፣ ከተማው በጫካ እሳት ጭስ ከታፈነበት ሰሞን ጀምሬ ያንን ስልክ ስፈራ ነበር።

ዶክተር ኢነስ በምሠራበት ሆስፒታል የልብ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ያንን ቦታ ሂስፓኒክ ሴት ስትይዘው የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ ሴት ነበሩ። እንግሊዝኛ አንቱና አንቺ አይለይምና የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ «ኢነስ» እያሉ ይጠሯቸዋል። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ «ዶክተር» ሳልል ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም፤ አፌ እሺ አይለኝም።

መጀመሪያ ያየኋቸው ሥራ ለመቀጠር ቢሯቸው የገባሁ ቀን ነው። በዲቪ መጥቼ፣ ኮሌጅ ገብቼ፣ የልብ አልትራሳውንድ ማንሳት ተምሬ ገና መመረቄ ነበር። ወረቀቴን ዝም ብለው ያነባሉ። ክፍሉ ጭር ብሏል። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቀጭን፣ ብረት ብረት የሚል፣ ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ። ግድግዳውን አየሁ፤ ሰዓት የለም። ጠረጴዛውን አየሁ፤ የለም። እሳቸው ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ፣

«ሰዓት አትፈልጊ፤ እኔ ነኝ» አሉኝ።

ደረታቸው ውስጥ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሉት፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የልብ በር ከብረት የተሠራ ነበር። ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ዝም ሲል ያ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ሲናደዱ ይፈጥናል፤ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ እኛ ከድምፁ እናውቅባቸው ነበር። አንዳንድ በሽተኞች ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹ ይደነግጣሉ። እሳቸው ይቅርታም አይጠይቁበት፣ አይኮሩበትም። አብሯቸው የኖረ ነገር ነው።

ታሪካቸውን ባንዴ ተቀምጠው አጫውተውኝ አያውቁም። ምሳ ስንበላ ትንሽ፣ አንድ በሽተኛ አይተን ስንወጣ ደግሞ ትንሽ ይሉኛል። የተወለዱት ከተራራው ማዶ፣ ፖም ከሚበቅልበት ሸለቆ ነው። እናትና አባታቸው ከሜክሲኮ መጥተው በሰው እርሻ ፖም የሚለቅሙ ሰዎች ነበሩ። ዘጠኝ ዓመታቸው ላይ ቶንሲል ያዛቸው። ቶንሲል ያልያዘው ልጅ የት አለ? እናታቸው ሎሚና ማር ሰጥተው አሻሏቸው፤ ጉሮሯቸው ዳነ፤ ተረሳ። ሳምንታት ቆይቶ ግን ጉልበታቸው አበጠ። ከጉልበት ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ እጅ አንጓ እየዞረ ያብጣል። ከዚያ ደግሞ እጃቸው ያለ ፈቃዳቸው ይወራጭ ጀመር። እርሳስ ሲይዙ ይወድቃል፤ ውኃ ሲያነሱ ይደፋል። አስተማሪዋ ሆን ብለው የሚረብሹ መስሏት ከክፍል አውጥታ ኮሪደር ላይ አቆመቻቸው።

«ቆሜ፣ አንዱን እጄን በሌላው አፍኜ፣ ‹እባክህ ተው፣ እባክህ ተው› እለው ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። «የገዛ እጄን ፈራሁት።»

እኛ አገር የልብ ቁርጥማት የምንለው በሽታ ነው። ጉሮሮ ላይ ይጀምራል፤ ልብ ላይ ይጨርሳል። የትንሿ ኢነስ ልብ መጎዳቱ ሲታወቅ ሲያትል ሆስፒታል አስተኟቸው። ለወራት ተኙ። እንግሊዝኛቸው ገና አልጠነከረም፤ የሚተረጉምላቸው የለም፤ እናትና አባታቸው ለቀማውን ጥለው ተራራውን ተሻግረው የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው። ሐኪሞቹ ግርጌያቸው ቆመው ያወራሉ፤ እሳቸው ከፊታቸው ላይ ምን እንዳሉ ለማወቅ ይጥራሉ። ጎናቸው ያለው አልጋ ላይ ያው በሽታ ያለባት ልጅ ተኝታ ነበር። ቋንቋ ባይገናኙም በአሻንጉሊት ይጫወታሉ። አንድ ጠዋት ሲነቁ አልጋው ተነጥፏል፤ አንሶላው ተወጥሯል፤ ልጅቷ የለችም። ነርሷን በእጃቸው ምልክት የት ሄደች ብለው ጠየቋት። ነርሷ ፈገግ አለችላቸውና መጋረጃውን ዘጋችው።

«እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ያ ፈገግታ ነው» ይሉ ነበር።

ስለዚህ እሳቸው በሚመሩት ክፍል ውስጥ ግርጌ ቆሞ ማውራት ክልክል ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም ለአንድ ሽማግሌ በአስተርጓሚ የልባቸውን ነገር ሲያስረዳ እንደ ልማዱ ግርጌ ቆሞ አገኙት። ምንም ሳይናገሩ ወንበር ጎትተው አመጡና ጎኑ አስቀመጡለት። «ቁጭ በል» አሉት ቀስ ብለው። «ቆመህ የምትነግራቸው ነገር ሁሉ ሞት ይመስላቸዋል።» ክፉ ወሬም ቢሆን ተቀምጠው፣ ዓይን ለዓይን እያዩ፣ ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ ይናገራሉ። ስንቱ ሰው በሳቸው ፊት ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ዋሹኝ ያለ ግን አልሰማሁም።

ኮሌጅ ሳሉ ልባቸው እየደከመ ሄዶ የብረቱ በር ተተከለላቸው። ኋላም አርጅቷል ተብሎ አንድ ጊዜ ተቀይሯል። ሕክምና ልማር ብለው ሲያመለክቱ ጠያቂ ሆኖ የተቀመጠው ሰው «በዚህ ልብ ይህንን ትምህርት አትጨርሺውም» አላቸው። ጨረሱት። እዚያም ቢሆን ልባቸው ቀድሟቸው ነበር። ተማሪዎቹ ተሰልፈው፣ ማዳመጫ ይዘው፣ ደረታቸውን እንዲያዳምጡ ይደረግ ነበር። «ስሜን ሳያውቁ ልቤን አወቁት» ብለው ሲስቁ ሰምቻለሁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ነው የቆመው።

እኔ ይህንን ሁሉ ባልሰማ ኖሮ የቤተልን እጅ ባላየሁ ነበር።

ቤተል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት። እናቷ ለተብርሃን አየር ማረፊያ አውሮፕላን ታጸዳለች፤ የሚኖሩትም እዚያው አጠገብ፣ ቡሪየን የሚባል ሰፈር ነው። አንድ እሁድ ከጸሎት በኋላ ምሳ ሲታደል ልጅቷ ሳህን ጣለች። ሌላ ሰጧት፤ ያንንም ጣለች። ሰው ሳቀ። እኔ ግን እጇን አየሁት፤ ጣቶቿ ሊታዘዟት አልቻሉም። እናቷን ለብቻ ይዤ ጠየቅኋት።

«እድገት ነው፣ እኅት ሰናይት» አለች በዚያ ትግርኛ ትግርኛ በሚለው አነጋገሯ። «ጉልበቷንም አሟት ነበር፤ ተሻላት። ትምህርት ቤት ደግሞ ‹አታርፍም፣ ትረብሻለች› እያሉ ቴክስት ያደርጉልኛል። ተቆጣኋት።»

«ከዚያ በፊት ቶንሲል ይዟት ነበር?»

ለተብርሃን ዓይኗ ፈጠጠ። «በምን አወቅሽ?»

በዚያው ሳምንት አመጣኋቸው። ዶክተር ኢነስ ዝቅ ያለ ወንበር ስበው ከቤተል ፊት ተቀመጡ። እንዴት ነሽ ሲሏት «አይም ፋይን» አለች፤ ለሁሉም ነገር መልሷ ይኸው ነበር። ሁለት ጣታቸውን መዳፏ ውስጥ አስገቡና «ጨምቂኝ፤ አትልቀቂ» አሏት። ልጅቷ ጨመቀች፤ ለቀቀች፤ ጨመቀች፤ ለቀቀች፤ ላም እንደሚያልብ ሰው። መያዝ አልቻለችም። ክፍሉ ጭር አለ። ያ ድምፅ ሲፈጥን ሰማሁት፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

«ቤተል፣ እጅሽ ታሟል እንጂ አልባለገም። አንቺም አላጠፋሽም» አሏት።

ልጅቷ ፊቷን እናቷ ሆድ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። ለለተብርሃን ተረጎምኩላት፤ እሷም ማልቀስ ጀመረች።

የልቧን ምስል ያነሳሁት እኔ ነኝ። ልቧ ተቆጥቷል፤ ጉዳቱ ግን ገና ጀማሪ ነው። ሕክምናው ቀላል ነው፤ ጉሮሮዋ ዳግም ታሞ ልቧን እንዳይጎዳ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ፣ ያውም ለዓመታት። ወራት አለፉ፤ እጇ አረፈ። ለተብርሃን ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆማ መሰከረች፤ ሰው ሁሉ እልል አለ፤ እኔም እልል አልኩ። ከዚያ አንድ ወር ሳይመጡ ቀሩ። ቀጥሎም ቀሩ። ስንደውል ስልክ አታነሳም። እሁድ ሳገኛት፣

«እግዚአብሔር የፈወሰውን በመርፌ ልጠራጠረው እንዴ?» አለችኝ።

ለዶክተር ኢነስ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «የፊታችን እሁድ ውሰጂኝ» ብቻ አሉ።

ያ ሰሞን ነበር ጭሱ የመጣው። ተራራው ጠፍቷል፤ ፀሐይዋ በቀትር እንደ ፍም ቀልታ ትታያለች፤ ሰው መስኮት ዘግቶ ነው የተቀመጠው። ለተብርሃን በሩን ከፍታ ዶክተሯን ስታይ ክው አለች። ቤታቸው አየር ማረፊያው አጠገብ ስለሆነ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። ዶክተር ኢነስ ተቀመጡ። የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ፤ ከአንገታቸው ሥር ወደ ታች የሚወርደው ጠባሳ ታየ። ማዳመጫቸውን አውጥተው ለለተብርሃን ጆሮዋ ላይ አደረጉላት፤ ሌላውን ጫፍ ደረታቸው ላይ ያዙ።

አንድ አውሮፕላን አለፈ። ጠበቁ። ቤቱ ጸጥ ሲል ለተብርሃን አዳመጠች፤ ፊቷ ሲለዋወጥ አያለሁ።

«ምንድነው ይሄ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ልቤ ነው በያት» አሉ። «እኔንም ድነሻል ብለውኝ ነበር በያት።»

ተረጎምኩ። እሳቸውም ቀጠሉ።

«ጸሎትሽን ተዪ ልልሽ አልመጣሁም። እናቴም ትጸልያለች። ግን ለእናቴ ስለ መርፌው ማንም አልነገራትም፤ ብትሰማ ኖሮ በእግሯ ታመጣኝ ነበር። ላንቺ ተነግሮሻል።»

ለተብርሃን ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ልጇን አየቻት። ቤተል ሶፋው ጫፍ ላይ ተኮራምታ እያየችን ነበር። «ሶ... ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንመጣው?» አለች እናቷ።

ስንወጣ ዶክተር ኢነስ ደረጃው መሐል ላይ ቆሙ። መደገፊያውን ይዘው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ምን ሆኑ ስላቸው «ጭሱ ነው፤ ለሳንባ አይሆንም» አሉኝ። በልቤ ጭሱ አይደለም አልኩ፤ በአፌ ግን «ኦኬ» አልኩ።

በማግሥቱ ቤተል መርፌዋን ተወጋች። ልቧን ደግሜ ሳነሳው ከበፊቱ ትንሽ ብሶ አገኘሁት፤ በሩ በደንብ አይገጥምም፣ ደም ያፈስሳል። ያመለጠው መርፌ ያመጣው ይሁን ድሮውንም የሚመጣ ነገር ማንም አያውቅም። ዶክተር ኢነስ ይህንኑ ተቀምጠው ነገሯቸው፤ ለተብርሃን አንገቷን ደፍታ ሰማች።

ከዚያ በኋላ እሳቸውን እከታተላቸው ጀመር። ኮሪደር ላይ እየቆሙ የተለጠፈ ማስታወቂያ የሚያነቡ ይመስላሉ፤ ለካ እያረፉ ነበር። አንድ ጠዋት ስብሰባ ላይ ሰው ዝም ሲል እኔም ጆሮዬን ጣልኩ። ድምፁ የለም። ከልቤ ሳዳምጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚመታ ነገር ዓይነት፣ ከሩቅ ሰማሁት። ዙሪያዬን አየሁ። ሰው ሁሉ ወረቀቱን ያያል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋን በሽተኛ ሸኝቼ ማሽኑን ላጠፋ ስል ገቡ። «አንድ ሰው ይቀርሻል» አሉኝ።

«ማን?»

በሩን ዘግተው አልጋው ላይ ወጡ።

የማሽኑን መዳሰሻ ደረታቸው ላይ ሳደርገው ምስሉ ወጣ። የብረቱ በር ሁለት ክንፍ አለው። አንዱ ይከፈታል፤ ይዘጋል። ሌላው ቆሟል። ሥሩ ላይ ጥላ የመሰለ ነገር ተቀምጧል፤ የረጋ ደም። ሕጉ እኛ አንሺዎቹ ያየነውን ለበሽተኛ እንድንናገር አይፈቅድም። ስለዚህ ልምዴ ነውና ፊቴን ከስክሪኑ ሳልነቅል ዝም አልኩ።

«ሰናይት፣ ፊትሽን አትዝጊብኝ» አሉኝ። «እንደዚያች ነርስ አትሁኚብኝ።»

«አንደኛው ክንፍ አይንቀሳቀስም» አልኩ።

«አውቃለሁ። ድምፁ ከተለወጠ ቆየ።»

በዚህ ጊዜ ነው የተናደድኩት። በሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ? መርፌ ቀረ ብለው ሰው ቤት ድረስ የሄዱት እርስዎ! ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ምን ይሉት ነበር?»

«ፈርቼ ነው» አሉ። «ሁለት ጊዜ ደረቴን ከፍተውኛል። ለሦስተኛው ልብሴን ሳወልቅ ሐኪም አይደለሁም፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያን የተነጠፈ አልጋ ነው የማየው።»

የቀዶ ሐኪሙን ጠራሁ። የዚያኑ ዕለት አስተኟቸው። የረጋውን ደም በመድኃኒት ለማሟሟት ሞከሩ፤ እንቢ አለ። ቀዶ ጥገና ተወሰነ። ልጠይቃቸው ስገባ አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉኝ፦ «ለእናቴ እንዳይነግሯት። ኮንፈረንስ ሄጃለሁ ብያታለሁ።» ለሰው ሁሉ እውነቱን ተቀምጠው የሚናገሩት ሴት ለእናታቸው ሕይወታቸውን ሙሉ «ደህና ነኝ» ሲሉ እንደኖሩ ያኔ ነው ያወቅሁት።

ጠዋት ሊወስዷቸው ሲሉ ደረስኩ። ጎናቸው ቁጭ አልኩ። እጃቸውን ሰጡኝ፤ በረዶ ነው።

«ፈርቻለሁ፣ ሰናይት።»

«እኔም፣ ዶክተር።»

የቀዶ ጥገናው ክፍል በር እስክንደርስ ድረስ አብሬ ሄድኩ። በሩ ላይ ነርሶቹ ልቀቂ አሉኝ፤ ለቀቅሁ። ነቅተው ያየኋቸው የመጨረሻ ጊዜ ያ ነው።

ለቀብር ተራራውን ተሻግሬ ስሄድ ለተብርሃን ከሥራ አስፈቅዳ ቤተልን ይዛ አብራኝ መጣች። ጫካው አልቆ ቡናማው ኮረብታ ሲጀምር ቤተል ከኋላ ወንበር በእንግሊዝኛ፣ «የኔም ልብ እንደሳቸው ይቆማል?» አለች። ተረጎምኩ። ለተብርሃን ዞር ብላ አየቻት። «አላውቅም፣ ልጄ» አለች። «መርፌሽን ግን ከእንግዲህ አላስቀርብሽም።» ይህን አነጋገር ከማን እንደተማረችው ሳላስብ አላለፍኩም።

የዶክተር ኢነስ እናት በጣም ያረጁ፣ ትንሽዬ ሴት ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ሰው ተራ በተራ እየመጣ ትከሻቸውን ይነካል። የዶክተሯ ታናሽ ወንድም አብራቸው የነበረች ናት ብሎ ሲያስተዋውቀኝ እናትየው ክንዴን ያዙና በስፓኒሽ ተናገሩ። ወንድምየው ከመተርጎሙ በፊት ተንተባተበ።

«ሰው ሁሉ አላመማትም፣ እንደተኛች ነው የሄደችው ይለኛል፣ ትላለች። አንቺ እዚያ ነበርሽ። ‹ልጄ ፈርታ ነበር ወይ?› ነው የምትልሽ።» ከዚያ እናቱ እንዳያዩት አድርጎ ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም፣ አትናገሪ ማለቱ ነው።

አደራውም ይህ ነበር። የሳቸው ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ለእናቴ እንዳይነግሯት። እናትየው ግን ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም። አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«አዎ» አልኩ። «ፈርተው ነበር። ነግረውኛል። እጃቸውን ይዤ ነበር።»

ወንድምየው ሳይተረጉም ቀረ። እናቱ እጁን መታ መታ አደረጉት፤ ተረጎመ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገደልኳቸው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ ጥቂት ቃል ተናገሩ። ወንድምየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«‹ልጅ ሳለች እዚያ ሆስፒታል ብቻዋን ትቻት ስመለስ ማንም እጇን አልያዘላትም› ነው የምትለው።»

እናትየው እጄን ከጭኔ ላይ አንስተው በሁለት እጃቸው ያዙት። ሰው መጣ፤ ሰው ሄደ። ሳጥኑን ሊያወጡ ሲሉ ወንድምየው ሊያስነሳቸው ጎንበስ አለ። አብረን ተነሣን፤ እጄን ግን አልለቀቁኝም።